ሁለተኛው ማዘዣ

ጥቁሩ ፌስታል መስታወቱ ላይ ተዘረገፈ። መጀመሪያ የዓይን ጠብታ ወጣ፤ ቀጥሎ አራት ላይ የታጠፈ የላቦራቶሪ ወረቀት፤ ከሥሩ በመቀስ የተቆራረጡ የኪኒን እሽጎች። የመድኃኒት ባለሙያዋ አንዱን እሽግ አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። መቀሱ ስሙን ከመሃሉ በልቶታል፤ የተረፈው “ሚድ” የሚለው ጭራ ብቻ ነው።

“እማማ፣ የስኳሩ የትኛው ነው?”

“ያ ትንሹ፣ ነጩ።”

“ትንንሽ ነጭማ ሦስት ዓይነት አለ። ስሙን ያውቁታል?”

“ስሙን የምታውቀው ልጄ ናት፤ እሷ ደግሞ ሥራ ላይ ናት።”

በ“ሚድ” የሚያልቅ የመድኃኒት ስም አንድ ብቻ አይደለም። ግሊቤንክላሚድ የስኳር ነው፤ ፉሮሴሚድ ደግሞ ሽንት የሚያስወጣ። ሁለቱም ትንሽና ነጭ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። እናትየው ግን የመጡት እሽግ ሊያስለዩ አይደለም። ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል፤ ሰፈራቸው ካለ ክሊኒክ ኮትሪሞክሳዞል ታዞላቸዋል፤ ብዙ ሰው ባክትሪም እያለ የሚጠራው። ክሊኒኩ ስለ ሽንታቸው ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ስለ ሽንታቸው መለሱ። ስኳር እንዳለባቸው ማንም አልጠየቃቸውም፤ አሥር ዓመት አብሯቸው የኖረውን ነገር ደግሞ እንደ አዲስ ወሬ ማንሳቱ ትዝም አላላቸው።

እኚህ እናት በስም የሚጠሩ አንድ ሰው አይደሉም፤ እዚህ የቀረቡት ለምሳሌ ነው። ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ የቆመ ባለሙያ ግን ሁሉ ያውቃቸዋል። ማዘዣውና የተቆረጠው እሽግ መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ባለሙያዋ ለምን እንደደነገጠች ለመረዳት ወደ 1942 መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ሞንፔሊየ ጦርነትና የምግብ እጥረት ያደቀቃት ከተማ ነበረች። ታይፎይድም ገብቷል። ማርሴል ዣንቦን የተባለ ሐኪም ለታይፎይድ ሕሙማኑ ገና ስም ያልወጣለት፣ 2254 አርፒ በሚል ቁጥር ብቻ የሚታወቅ የሰልፋ መድኃኒት መስጠት ጀመረ። መድኃኒቱ የታሰበው ተህዋሲያኑን እንዲገድል ነበር። አንዳንዶቹ ሕሙማን ግን ላብ ያጠምቃቸው፣ ያንቀጠቅጣቸው፣ ራሳቸውንም ያስታቸው ጀመር፤ የሞቱም ነበሩ። ነገሩ ሲጣራ የደም ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ተገኘ።

ዣንቦን ይህን ለባልደረባው ለኦጉስት ሉባቲዬር ነገረው። ሉባቲዬር መድኃኒቱን ለውሾች ሰጠ። የጤነኛው ውሻ ስኳር ወረደ፤ ቆሽቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ውሻ ግን ምንም አልሆነም። እንግዲህ መድኃኒቱ ስኳሩን ራሱ አያጠፋውም ማለት ነው፤ ቆሽትን “ኢንሱሊን አምጪ” እያለ የሚጎተጉት ነው። ለታይፎይድ የታሰበው ኪኒን ጉዳቱ ወደ ጥቅም ተገልብጦ ለስኳር ሕክምና በር ከፈተ። ግሊቤንክላሚድ፣ ግሊሜፒራይድና ግሊክላዛይድ የተባሉት የዛሬ ኪኒኖች ሁሉ የዚያ ዘር ናቸው፤ የወል ስማቸውም ሰልፎኒልዩሪያ ነው።

ባክትሪም ውስጥ ያለው ሰልፋሜቶክሳዞልም ከዚያው ከሰልፋ ቤት የወጣ ነው። መድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ የተገናኙት፣ አንዱ የስኳር፣ ሌላው የሽንት መድኃኒት ቢባሉም፣ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ባክትሪም ያለ ምንም የስኳር ኪኒን ብቻውን ስኳር ሲያወርድ የታየበት ጊዜም አለ። ዋናው ጣጣ ግን የሚመጣው ከጉበት ነው።

ጉበትን እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ማሰብ ነገሩን ያቀልለዋል። የተዋጠ ኪኒን ሁሉ ከአንጀት ተነስቶ በደም ወደ ጉበት ይገባል፤ አብዛኛው እዚያ ተፈጭቶ፣ ተለውጦ፣ በሽንት ወይም በሐሞት ለመውጣት ይዘጋጃል። ፈጪዎቹ ኢንዛይሞች ናቸው። ዋናዎቹ ሳይቶክሮም ፒ 450 ይባላሉ፤ ቁጥሩ የተገኘው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ኦሙራና ሳቶ፣ በ450 ናኖሜትር ላይ ብርሃን የሚውጥ ቀለም ጉበት ውስጥ አጥንተው ስም ማውጣታቸውን ተከትሎ ነው። ወፍጮዎቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚፈጩት እህል የተለየ ነው። የሰልፎኒልዩሪያዎቹ ዋና ወፍጮ 2ሲ9 የሚል፣ ስም ከማለት የመኪና ታርጋ ማለት የሚቀል መጠሪያ አለው።

ሰልፋሜቶክሳዞል ወደዚሁ ወፍጮ ይመጣና ሰልፉን ያጨናንቀዋል። ተራው የደረሰው ግሊቤንክላሚድ ሳይፈጭ ይቆያል፤ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ቆሽትንም መጎትጎቱን አያቆምም። እናትየው የዋጡት እንደ ወትሮው አንድ ፍሬ ነው። ሰውነታቸው ውስጥ የሚሠራው ግን ከአንድ ፍሬ በላይ ይሆናል።

ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ስጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የተመራማሪዎች ቡድን ከ1994 እስከ 2000 ባሉት ሰባት ዓመታት ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ አረጋውያንን መዝገብ መረመረ። ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል የገቡ 909 ሰዎች ተገኙ። እነዚህ ሰዎች፣ ሆስፒታል ካልገቡት እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ ኮትሪሞክሳዞል ወስደው የመገኘታቸው ዕድል ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር። ለማነጻጸሪያ የተያዘው አሞክሲሲሊን እንዲህ ያለ ነገር አላሳየም። ጥናቱ በ2003 ሲታተም ብዙዎችን ያስቆጨው ቁጥሩ አልነበረም፤ ቀድሞ የሚታወቅ፣ በቀላሉም ሊቀር የሚችል ነገር መሆኑ ነበር።

ግሊቤንክላሚድ በዚህ ጉዳይ ከብዙዎቹ ዘመዶቹ ይከፋል። ረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ከተፈጨ በኋላ የሚወጣው ዱቄት ራሱ ስኳር የማውረድ አቅም አለው፤ ያንን ደግሞ የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ዕድሜው ገፍቶ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላሚድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይደለም ብሎ የጻፈው፣ ቦታውንም ለግሊክላዛይድ የሰጠው ለዚህ ነው። ርካሽነቱና በየቦታው መገኘቱ ግን ዛሬም ከብዙ ፌስታል ውስጥ አላስወጣውም።

የመድኃኒቶች መጋጨት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው እንደ ድንገተኛ የመኪና አደጋ ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች መንገድ ላይ ሲላተሙ። በስኳር ሕመም ላይ ግን እንዲያ አይደለም። የስኳር ኪኒንን የሚያውኩት መድኃኒቶች ባብዛኛው ስኳር በሽታው ራሱ ጎትቶ የሚያመጣቸው ናቸው። ስኳር የበዛበት ሰው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይደጋግመዋል፤ ባክትሪም ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ይታዘዝለታል። ፈንገስ ያስቸግረዋል፤ ፍሉኮናዞል ይታዘዝለታል። በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ስኳር ከሌለበት ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው፤ ሪፋምፒሲን ይታዘዝለታል። ሦስቱም መንገዶች የሚያመሩት ወደዚያው ወፍጮ ቤት ወይም ወደዚያው ቆሽት ነው።

ፍሉኮናዞል 2ሲ9ን ከባክትሪም ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ፊንላንድ ውስጥ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት ግሊሜፒራይድን ከፍሉኮናዞል ጋር የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የነበረው የግሊሜፒራይድ ጠቅላላ መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ቆሽትን ራሱ ነክቶ ኢንሱሊን ሊያስለቅቅ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሐምሌ 2018 የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ስኳርን እስከ ራስ መሳት ሊያወርዱ እንደሚችሉ በመግለጫቸው ላይ ጎልቶ እንዲጻፍ አዟል። ሲፕሮ ያለ ማዘዣ “ለሆዴ” ተብሎ በሚገዛበት አገር ይህ የጎረቤት ወሬ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግጥሚያ የተመዘገበው ግን ሄልሲንኪ ውስጥ ነው። ሬፓግሊናይድ የሚባል አጭር ሰዓት የሚሠራ የስኳር ኪኒን አለ፤ ጌምፋይብሮዚል የሚባል ደግሞ የደም ቅባት የሚያወርድ። ስኳርና ቅባት አብረው ስለሚሄዱ ሁለቱን ለአንድ ሰው ማዘዝ አመክንዮ ያለው ይመስል ነበር። በ2003 የታተመው የፊንላንዶቹ ጥናት 12 ጤነኛ ፈቃደኞችን ይዞ ሁለቱን አንድ ላይ ቢሰጥ፣ ሬፓግሊናይዱ ደም ውስጥ ስምንት እጥፍ ሆነ። ኢትራኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ሲጨመርበት 19 እጥፍ አለፈ። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚያው ዓመት ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይሰጡ ከለከለ።

እስካሁን የተነገረው ወፍጮ ስለሚዘጋ መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን ሥራው ግልባጭ ነው፤ ወፍጮ ይተክላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፈረንሳይ ሪቪዬራ የጥድ ደን በተነሳ እፍኝ አፈር ነው። አፈሩ በ1957 ሚላኖ ወደሚገኘው የሌፔቲት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሄደ፤ ፒዬሮ ሴንሲና ማሪያ ቴሬዛ ቲምባል ከውስጡ አዲስ ባክቴሪያ አገኙ፤ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር በዘመኑ ተወዳጅ በነበረ “ሪፊፊ” በተባለ የፈረንሳይ ፊልም ስም ጠሩት። ሪፋማይሲንና ከእርሱ የተሠራው ሪፋምፒሲን የስማቸው መነሻ ይህ የሌቦች ፊልም ነው። ዛሬ ሪፋምፒሲን የስድስት ወሩ የቲቢ ሕክምና ምሰሶ ነው፤ ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ሪፋምፒሲን ጉበት ውስጥ ሲገባ ሕዋሳቱ ተጨማሪ ኢንዛይም እንዲሠሩ ያዛል። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ወፍጮዎቹ ይበዛሉ፤ የስኳር ኪኒኑ ሥራውን ሳይጨርስ ተፈጭቶ ይወጣል። የሄልሲንኪዎቹ ሲለኩት የግሊቤንክላሚድ የደም መጠን በ39 በመቶ፣ የግሊፒዛይድ በ22 በመቶ፣ የሬፓግሊናይድ በ57 በመቶ ቀንሶ ነበር።

ይህ በአንድ ቤት ውስጥ ሲሆን እንዴት እንደሚታይ መገመት አይከብድም። አባት ቲቢ ተገኘባቸው፤ መድኃኒት ጀመሩ፤ ሳሉ ቀለለ፤ ስኳራቸው ግን ወጣ። ቲቢው ራሱ ስኳር ያወጣል፤ ሪፋምፒሲኑ ደግሞ ኪኒናቸውን ያዳክማል። ቤተሰቡ “ምን በልተው ነው?” ይላል፤ ማርና ዳቦ ይከለከላሉ። በክትትሉ ክፍል መጠኑ ይጨመርላቸዋል፤ አንዷ ፍሬ ሁለት ትሆናለች። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ቤት ውስጥ ደስታ ነው፤ የመጨረሻው ኪኒን ተዋጠ፤ ካርዱ ተዘጋ። የስኳር ኪኒኑ ግን አሁንም ሁለት ፍሬ ነው። ቲቢው ድኗል፤ ምግብ መብላት ጀምረዋል፤ ጉበታቸው ውስጥ የተተከሉት ትርፍ ወፍጮዎች ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አንድ በአንድ ይፈርሳሉ። ስኳር የሚወርደው ያኔ ነው፤ ማንም በማይጠብቅበት፣ “ዳኑ” በተባለበት ሳምንት።

የግጭት ዝርዝሮች ባብዛኛው የሚያስጠነቅቁት አዲስ መድኃኒት ስለ መጀመር ነው። የተቋረጠ መድኃኒት የሚያመጣውን ጣጣ የሚያስታውስ ደወል ግን እምብዛም የለም፤ የቲቢ ክፍሉና የስኳር ክፍሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንኳ መዝገባቸው ለየብቻ ነው።

ሜትፎርሚን ከዚህ ሁሉ የወፍጮ ሰልፍ ውጭ ነው። እንደ ግሊቤንክላሚድ አይፈጭም፤ እንደተዋጠ፣ ሳይለወጥ፣ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። የመነጨው ጋሌጋ ከተባለ ተክል ጋር ከተያያዘ ምርምር ነው፤ ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 ለስኳር ሕክምና አስተዋወቀው። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ልማድ የለውም። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ከማንም ጋር የማይጣላ መድኃኒት አድርገው ያዩታል።

ግን የማይፈጭ መድኃኒትም መውጫ በር ያስፈልገዋል። ኩላሊት ውስጥ ሜትፎርሚንን ከደም ተቀብለው ወደ ሽንት የሚያሻግሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ በረኛ ናቸው። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት እነዚህን በረኞች ይይዛቸዋል። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ ሲወሰድ የሜትፎርሚን የደም መጠን በ79 በመቶ ጨመረ፤ በቀን ሁለቴ ሲወሰድ ደግሞ በ145 በመቶ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ዛሬ የሚያድሉት የመጀመሪያ ደረጃ የኤች አይ ቪ ኪኒን፣ ቲኤልዲ የሚባለው፣ ውስጡ ያለው ይኸው ዶሉቴግራቪር ነው። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው በቀን ከ1000 ሚሊግራም ሜትፎርሚን እንዳያልፍ ይመከራል። ጠዋትና ማታ 1000፣ 1000 የለመደ ሰው ሁለተኛውን ማዘዣ ሲቀበል ይህን የሚነግረው ይፈልጋል። ሜትፎርሚን ሲከማች መጀመሪያ የሚታየው የሆድ መረበሽ ነው፤ ኩላሊት በደከመበት ሰው ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ደምን በላክቲክ አሲድ የሚመርዝ ከባድ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

የጨጓራ መድኃኒቱ ሲሜቲዲንም እነዚሁን በረኞች ያዘናጋል፤ የሜትፎርሚንን መጠን በግማሽ ያህል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ጨጓራ የማያውቀው ቤት በሌለበት አገር ይህን ማወቅ አይከፋም።

ሜትፎርሚን አንድ የሞተ ወንድም ነበረው፤ ስሙ ፌንፎርሚን። በአሲድ መመረዝ ብዙ ሰው በመጉዳቱ አሜሪካ ውስጥ በ1977 ከገበያ እንዲወጣ ተወሰነ። ፌንፎርሚን ከወንድሙ በተለየ ጉበት ውስጥ ይፈጫል፤ ወፍጮውም 2ዲ6 ይባላል። አንዳንድ ሰዎች ይህ ወፍጮ በተፈጥሮ የላቸውም፤ መድኃኒቱ በእነሱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

ኢትዮጵያውያን እዚህ ታሪክ ውስጥ የገቡት በሌላው ጫፍ ነው። በ1996 የታተመ ጥናት 122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ከመቶው 29ኙ የ2ዲ6 ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ፣ ዛሬ በስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር የሆኑት እሌኒ አክሊሉ ናቸው። ትርፍ ወፍጮ ያለው ሰው በ2ዲ6 የሚፈጩ መድኃኒቶችን እንደ እሳት ይበላቸዋል፤ ኮዴይንን ደግሞ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ግሊቤንክላሚድም ሜትፎርሚንም በዚህ ወፍጮ አያልፉም፤ ስለዚህ ግኝቱ የእናትየውን ፌስታል በቀጥታ አይነካም።

የሚነካው በሌላ መንገድ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ኢትዮጵያ የሚኖሩትንና ስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን በአንድ መፈተሻ መድኃኒት ሲያነጻጽሩ፣ ዘረመላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት በዝግታ ሲፈጩ ተገኙ። የአንድ ሕዝብ ጉበት ስቶክሆልምና አዲስ አበባ ላይ እኩል አይሠራም ማለት ነው፤ አካባቢው፣ ምናልባትም ምግቡ፣ ድርሻ አለው። በሌላ በኩል ከላይ የተጠቀሱት 39 በመቶዎችና ስምንት እጥፎች የተለኩት ከአሥራ ሁለት በማይበልጡ ጤነኛ የሄልሲንኪ ፈቃደኞች ላይ ነው። ቲቢና ስኳር አንድ ላይ የያዛቸው፣ ክብደታቸው የቀነሰ የጎንደር ወይም የጅማ አባት በእነዚያ ቁጥሮች ውስጥ የሉም። ቁጥሩ አቅጣጫውን ይናገራል እንጂ የእሳቸውን ልክ አይናገርም። ልኩን የሚናገረው ጣት ላይ ጠብ የሚለው ደም ነው።

ስለ ቤት መድኃኒት ካልተነሳ ነገሩ ጎደሎ ነው። አብሽ ከልማድ ባለፈ በራሱ ስኳር የማውረድ ጠባይ አለው፤ ሽፈራውም እንዲሁ እየተባለ ይጠጣል። ጥፋቱ መጠጣታቸው ላይ አይደለም፤ መደበቃቸው ላይ ነው። ሐኪሙ “ምን ትወስዳለህ?” ሲል አብሽ መድኃኒት መስሎ አይታይም፤ ወይም ሐኪሙ ይቆጣል ተብሎ ይዋጣል። አረቄ ደግሞ ሌላ ነው። ጉበት ሆድ ባዶ ሲሆን ስኳር ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል፤ አልኮል ይህን ሥራ ያስተጓጉላል። ማታ ያለ እራት የተጠጣ አረቄና ጠዋት የተዋጠ ግሊቤንክላሚድ ሌሊት ላይ ይገናኛሉ። ጾም ላይም ያው ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ወይም ረመዳን ለያዘ ሰው ኪኒኑ ሳይነካ የምግቡ ሰዓት ብቻ መዛነፉ ስኳሩን ለማውረድ በቂ ነው፤ ይህ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር የሚታቀድ እንጂ በራስ የሚደለደል አይደለም።

ስኳር ሲወርድ ሰውየው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፤ ከዚያ ቃል ይጠፋበታል፣ ይቆጣል፣ የሰከረ ይመስላል። በአረጋውያን ላይ ስትሮክ መስሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ደግሞ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቅበት ይችላል፤ ላቡ ግን አይደበቅም። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው፤ 70 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካልሞላ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ግሊቤንክላሚድ የወሰደ ሰው “ነቃ፣ ዳነ” ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይወሰድም፤ መድኃኒቱ ገና ደም ውስጥ ስላለ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ባለሙያዋ የእናትየውን ስልክ ተቀብላ ለልጃቸው ደወለች። ልጅቱ ሥራ ቦታ ሆና ስሙን ፊደል በፊደል ነገረቻት፤ ግሊቤንክላሚድ ነው። አራት ላይ የታጠፈውን የላቦራቶሪ ወረቀት ዘረጋችው፤ የኩላሊታቸው ውጤት ደህና ነው። ከዚያ ማዘዣው ላይ ባለው ቁጥር ለክሊኒኩ ደወለች። የጻፈው ሐኪም አልተከራከረም፤ ስኳር እንዳለባቸው አልነገሩኝም አለና ወደ ናይትሮፉራንቶይን ለወጠው። ሁሉም ነገር ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከእናትየው ጀርባ የቆሙት ሁለት ሰዎች አጉረመረሙ።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አዲሱ እሽግ ላይ ስሙ አልተቆረጠም፤ ባለሙያዋ ስሙ ያለበትን ጫፍ ትታ ከሌላው በኩል ነው የቆረጠችው።

ቤትዎ ውስጥ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ካለ፣ የኪኒኖቹን ካርቶን ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ይያዙ፤ አብሹንም ጨምረው ይጻፉ። የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ኪኒን የሚዋጥበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ያክቡት፤ ቀኑ ሳይደርስ ለስኳር ሐኪሙ ይንገሩ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታትም ስኳሩን ከወትሮው ደጋግመው ያስለኩ። የሽንቱ ብርቱካናማ ቀለም በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። የጉበቱ ሥራ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ግን ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።